እናቴ፣ ዝናቡና የእንጨቱ መንገድ

ልጆቻቸውን ለማረስ ወደ አሜሪካ የሚመጡ እናቶች አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሡት ፎቶግራፍ በየቤታችን አለ። አበባ ታቅፈው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጅ ልጆቻቸው ወገባቸው ላይ ተጠምጥመው። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት አምስትና ስድስት ወራት ግን ፎቶ የላቸውም። ልጅ ሥራ ትሄዳለች፣ አማች ሥራ ይሄዳል፣ ትልልቆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እናት ከሕፃኑ ጋር ቤት ትቀራለች። መኪና አትነዳ፣ ቋንቋውን አታውቅ፣ «ቡና ጠጡ» ብሎ በር የሚያንኳኳ ጎረቤት የለ። የመጣችበት ወቅት ክረምት፣ ከተማውም እኔ የምኖርበት ሲያትል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

እናቴ ከደብረ ብርሃን የመጣችው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሦስተኛ ልጄን በወለድኩ በወሩ ነው። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የሕፃኑ እጥበት፣ ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፀሐይ ስለነበረ ደጅ ወንበር አውጥታ ትቀመጥ ነበር። ጥቅምት ሲጋመስ ዝናቡ ገባ፤ ገብቶም አልወጣም። እዚህ ዝናብ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ አገር ቤት አጨዳና ውቂያ በሚሆንበት፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ውርጭ በሚያወርድበት ጊዜ። «ምን ዓይነት አገር ነው በታኅሣሥ የሚከርመው?» ትላለች እናቴ።

ሲያትል ዝናባም ተብላ በዓለም ስሟ ይነሣ እንጂ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። የእኛ ክረምት ከሰዓት በኋላ ይጠቁራል፣ ያጓራል፣ እንደ ጉድ ይወርድና ያባራል፤ ሰውም ተጠልሎ ከቆየበት ወጥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የዚህኛው ካፊያ ነው። ጠዋት ይጀምራል፣ ማታም አለ፣ በማግሥቱም አለ። ቀኑም አጭር ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ስለዚህ «ዝናቡ ሲያባራ እንወጣለን» ያለ ቤተሰብ እስከ መጋቢት ቤቱ ይቀመጣል።

እናቴም ተቀመጠች። ጉልበቷ ድሮም ያማታል፤ ቢሆንም ደብረ ብርሃን ሳለች በከዘራዋ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። እዚህ መንገዷ ከሶፋ ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ሶፋ ሆነ። በኅዳር ወር እኔ ሥራ ስመለስ ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀምራ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ እሷ የምታየው መስኮቱን ነው። ከልጆቹም ጋር ያላት ወሬ «ብላ»፣ «ጠጪ»፣ «ልበስ» ብቻ ሆኖ ቀረ። አሥር ዓመት የሆነው ትልቁ ልጄ አማርኛ ይሰማል፤ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። የስድስት ዓመቷ እህቱም እሱን ትከተላለች።

አንድ ማታ ሕፃኑን እያስተኛች፣ ቀና ሳትል፣ «ትኬቴን አሳጥሪልኝ። ለጥምቀት አገሬ ልግባ» አለችኝ። የመመለሻ ትኬቷ የተቆረጠው ለመጋቢት መጨረሻ ነበር። አልተከራከርኳትም። ባለቤቴ ግን ሲሰማ፣ «ሳትወስኑ በፊት አንድ ቀን እንኳ አብረን ደጅ እንዋል» አለ።

የት እንዋል? ገበያ አዳራሽ ወስደናት እናውቃለን፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሰው ስታይ ዋለች። ተራራ አይታሰብም። እዚህ አገር መናፈሻዎችና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታዎች መንገዶቻቸውን ሲያስተዋውቁ አካል ጉዳተኛም፣ ሽማግሌም፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፋም ሊሄድባቸው የሚችሉትን ለይተው ይጽፋሉ። በፌዴራል መንግሥት ለሚሠሩ ግንባታዎች ተደራሽነትን የሚያስገድድ ሕግ ከወጣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ነው። ቢሆንም «ተደራሽ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። እኔ የምፈልጋቸው ነገሮች የተለመዱ ናቸው፦ መንገዱ በምን ተሸፍኗል? ዳገት አለው ወይ? መቀመጫ በየስንት ርቀቱ አለ? ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽንት ቤቱ የት ነው? ብዙ እናቶች ጉዞ አለ ሲባል ከጠዋት ጀምረው ውኃ የማይጠጡት ለምን እንደሆነ ልጆቻቸው ልብ አንለውም። አይናገሩም፤ ዝም ብለው ይጠማሉ። «እዚያ መግቢያው ላይ ንጹሕ ሽንት ቤት አለ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ከካፖርት አይተናነስም።

የመረጥነው ከሲያትል ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኘውን የኒስኳሊ የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። ከሬኒየር ተራራ የበረዶ ግግር የሚነሣው የኒስኳሊ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ረግረግ ነው። ተራራው 4,392 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን ጥቂት ዝቅ ይላል። የእኛ ፍላጎት ግን ከተራራው ጋር አልነበረም። ረግረጉ ውስጥ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት የተነጠፈ መንገድ አለ። የመጀመሪያው ዙር 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በዛፎችና በኩሬዎች መካከል ዞሮ ወደ መነሻው ይመልሳል። ከዚያ የሚቀጥል ደግሞ በጠጠር ግድብ አድርጎ፣ ሌላ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል በእንጨት ድልድይ ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ አለ። ጭቃ የለ፣ ደረጃ የለ፣ ዳገት የለ። መግቢያው እኛ በሄድንበት ቀን ለአራት አዋቂ 3 ዶላር ነበር፤ ልጆች በነፃ ይገባሉ።

ቀኑን ከታኅሣሥ ገብርኤል ማግሥት አደረግነው፤ የበዓሉ ዕለት ቢሆን ኖሮ ማንም ከቤተ ክርስቲያን አያስወጣትም ነበር። ትምህርት ቤትም በፈረንጆቹ በዓል ተዘግቷል። ሙቀቱ 7 ዲግሪ፣ ዝናቡ እንደ ልማዱ።

ክርክሩ የተጀመረው ልብስ ላይ ነው። እናቴ ጋቢዋን ካልደረበች ከቤት አትወጣም። ጋቢ ደግሞ ጥጥ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ውኃውን ይዞ ይቀመጣል፣ ይከብዳል፣ ከሰውነት ላይ ሙቀት ይወስዳል። ሱፍ እንዲህ አይደለም፤ ረጥቦም ቢሆን ጥቂት ያሞቃል። ይህን ላስረዳት ስሞክር ዝም ብላ ሰማችኝና «የመንዝ እረኛ በርኖስ የሚለብሰው ታዲያ ለምን መሰለሽ?» አለችኝ። እኔ ከሱቅ ሻጭ የተማርኩትን እሷ ከአያቷ ታውቀዋለች። ተስማማን፤ ከውስጥ የሱፍ ሹራብና የሱፍ ካልሲ፣ ከዚያ ጋቢው፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ የባለቤቴ ትልቅ ካፖርት። ጋቢው ከካፖርቱ ሥር ሆኖ ሳይረጥብ ዋለ፣ እሷም ክብሯን ጠበቀች። ለልጆቹ የላስቲክ ቦቲ፣ ለእያንዳንዳቸው ደግሞ ትርፍ ካልሲና ሱሪ መኪና ውስጥ። ጃንጥላ አልያዝንም፤ እጅ ያሥራል፣ ነፋስም ይገለብጠዋል።

ሁለተኛው ክርክር ከባድ ነበር። ተጣጥፎ መኪና ውስጥ የሚገባ ዊልቸር ከአንድ ወዳጃችን ተውሰን ነበር። እናቴ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ለማን ነው? እኔ በእግሬ የምሄድ ሴት ነኝ።» ነገሩ ይገባኛል። በእኛ ዘንድ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ መቀመጥ መሸነፍ ነው፤ ሰው ምን ይላል የሚባልበት፣ አንድ ጊዜ ከተቀመጡ የማይነሡበት የሚመስል ነገር ነው። ሐኪም ቢያስረዳት ኖሮ ሐኪሙንም አትሰማውም። ባለቤቴ ግን ሳይጨነቅ፣ «የለም እማማ፣ ለዕቃ መጫኛ ነው። የሕፃኑን ቦርሳ፣ ፔርሙዙን፣ ቆሎውን ማን ይሸከማል? እርስዎ ከገፉልን በቂ ነው» አላት። እሷ ሞኝ አይደለችም። አየት አደረገችው፣ ፈገግ አለች፣ ዕቃው ተጫነ። ጉዞው ሲጀመር ወንበሩን የምትገፋው እሷ ነበረች፤ ትልቁ ልጄ እንዳይሸሽባት በጎን ይዞላት። መደገፊያ ሆናት ማለት ነው። ከአምስት መቶ ሜትር በኋላ ቦርሳው ባለቤቴ ትከሻ ላይ፣ እናቴ ወንበሩ ላይ ነበረች። ማንም ምንም አልተናገረም።

ወንበር ለምትገፉ ሰዎች ጥቂት ነገር ልበል። የነጠላ፣ የጋቢና የብርድ ልብስ ጫፍ ጎማው ውስጥ ይገባል፤ ከጭን በታች አጣጥፉት። ርጥብ እንጨት ያንሸራትታል፤ የሚገፋው ሰው ጫማ ከሚቀመጠው ሰው ጫማ የበለጠ ጥሩ መሆን አለበት። ቁልቁለት ካጋጠመ ፊትና ኋላ ዞሮ፣ የሚገፋው ሰው ከታች ሆኖ ነው የሚወረደው። ዋናው ግን ይህ ነው፦ የሚራመድ ሰው ይሞቀዋል፣ የተቀመጠ ሰው ይበርደዋል። እኛ ካፖርታችንን ስንከፍት እናቴ እጇ ቀዝቅዞ ነበር፤ «ምንም አልል» ትላለች እንጂ። ስለዚህ በየሩብ ሰዓቱ አስነሥተናት አጥሩን ይዛ ጥቂት እርምጃ ትራመዳለች፣ እንደገና ትቀመጣለች። ተቀምጣ ከነበረው ይልቅ ቆማ የሄደችው ሳይበልጥ አልቀረም፤ ወንበሩ መኖሩ ነው እንድትሄድ ያደረጋት። ስትደክም የት እንደምትቀመጥ ስታውቅ ሩቅ ለመሄድ አትፈራም።

ከሁሉ በፊት ያስደሰታት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ውሻ ማስገባት ክልክል ነው። ሩጫም፣ ብስክሌትም ክልክል ነው። ምልክቱን ሳነብላት «እውነትሽን ነው? ውሻ የለም?» ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። በሰፈራችን የወጣች ጊዜ ሁሉ አንድ ትልቅ ውሻ ሊያሸታት ይመጣል፤ ባለቤቱም «ሰው ይወዳል» ይላል። ሦስት ወር ሙሉ ደጅ ለመውጣት እግሯን የያዛት ግማሹ ጉልበቷ፣ ግማሹ ውሻ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዛፎቹ ቅጠላቸውን አርግፈው ግንዳቸው እስከ ላይ አረንጓዴ ሽበት ለብሷል። እናቴ ከአጥሩ ተሻግራ በጣቷ ነካችው። «የዛፍ ሽበት እዚህም አለ» አለች፣ የአገሯን ሰው እንዳገኘች ሁሉ። ትንሿ ልጄ «ሽበት ምንድን ነው?» አለች። እናቴ ከሻሿ ሥር አንድ ዘለላ አውጥታ አሳየቻት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ እያንዳንዱን ዛፍ «አያት»፣ «አያት ያልሆነ» እያለች ስትመድብ ዋለች።

ኩሬዎቹ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ዳክዬዎችና ዝይዎች ነበሩ። ከሰሜን፣ ከአላስካና ከካናዳ በኩል ቅዝቃዜ ሸሽተው ለመክረም የመጡ ናቸው። ከነሱ መካከል አንገቱ ቀጭን፣ ደረቱ ነጭ፣ ጭራው እንደ መርፌ የሾለ አንድ ዳክዬ አለ። ይህ ዝርያ ከአውሮፓና ከእስያ ሰሜን የሚነሣው ወገኑ ክረምቱን ለማሳለፍ አባይን ተከትሎ ጭምር ወደ አፍሪካ ይወርዳል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት በኢትዮጵያ ሐይቆች ላይም ይታያል። ለእናቴ ስነግራት ወፉን ትኩር ብላ አየችው። «እነዚህ ደግሞ ቪዛቸው ስንት ወር ነው?» አለች። ባለቤቴ ሳቁ አላስችል ብሎት ዞር አለ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ስለ ትኬቱ እያሰበች እንደሆነ ገባኝ።

ከሩቅ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ደንግጣ የወንበሩን እጀታ ያዘች። የዳክዬ አደን ወቅት ስለነበር ከመጠለያው አጠገብ አዳኞች ነበሩ፤ በዚህ ምክንያት የባሕሩ ድልድይ የመጨረሻ ክፍል በዚህ ጊዜ ይዘጋል። አስረዳናት። «መጠለያ ብላችሁ አምጥታችሁ በር ላይ ትጠብቋቸዋላችሁ» አለች፤ ለአገሩ ሁሉ እኛ ተጠያቂ ነን። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ተኩስ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለማታውቁ፣ የአደን ወቅት መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ካለም ንገሯቸው።

ከጠጠሩ ግድብ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ሰፊ ሆነ። በግራም በቀኝም ጭቃና ውኃ። ከግድቡ ወዲህ ጣፋጭ ውኃ፣ ከግድቡ ወዲያ ጨው። ትልቁ ልጄ ስለዚህ ቦታ ትምህርት ቤት ተምሯል፤ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ጀመረልኝና እኔ መተርጎም ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1904 ብራውን የሚባል ሰው መሬቱን ገዝቶ በግድብ ከባሕር ከለለው፤ ረግረጉ ደርቆ እርሻና የከብት መሬት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1974 መጠለያ ተብሎ ተከለለ። በ2009 ደግሞ አሮጌው ግድብ ተነሥቶ 300 ሄክታር የሚያህል መሬት ለባሕሩ ተመለሰ።

እናቴ እዚህ ላይ አስቆመችኝ። «የሚታረስ መሬት?» አለች። «አዎ።» «ጤፍ ባይሆን ገብስ የሚያበቅል?» «ምናልባት።» «እና አፍርሰው ለውኃ ሰጡት?» የገበሬ ልጅ ናት። በጥማድ መሬት ወንድማማች ሲካሰስ አይታ ያደገች። ይህን ያህል መሬት ለዳክዬ መልቀቅ ለእሷ ጥጋብ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም መልሱን በቅጡ አላውቀውም ነበር፤ ልጄ ነው የሚያውቀው። «ንገራት እንጂ» አልኩት። በእንግሊዝኛ ጀመረ። «ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ።»

ረጅም ጊዜ ፈጀበት። «እማማ፣ ቤቢ ዓሣ…» አለ። «ቤቢ ዓሣ ወንዝ ነው የሚወለደው። ከዚያ ትልቁ ውኃ… ጨው ውኃ ይሄዳል። ቶሎ ከሄደ ይሞታል። እዚህ…» እጁን ረግረጉ ላይ ዘረጋ፤ ቃሉ አልመጣለትም። «እዚህ ምን ያደርጋል?» አለችው። «ይለምዳል። ትንሽ ጨው፣ ትንሽ ጨው። ትልቅ ይሆናል። ከዚያ ይሄዳል።»

ያለው ትክክል ነው። ሳልመን የሚባለው ዓሣ ከወንዝ ተወልዶ ወደ ውቅያኖስ የሚገባ፣ ለመራባት ደግሞ ወደዚያው ወንዝ የሚመለስ ነው። ጫጩቱ ሰውነቱን ከጨው ጋር የሚያለማምደውና የሚፋፋው ወንዝና ባሕር በሚቀላቀሉበት እንዲህ ባለ ረግረግ ነው። ግድቡ ለመቶ ዓመት ያህል የዘጋው ይህንን ነበር።

እናቴ ልጁን አየችው፣ ረግረጉን አየችው። «እኔንም እዚህ ጥቂት ቀን ብታቆዩኝ ይሻል ነበር» አለች። «እናንተ ከአውሮፕላን አውርዳችሁ ቀጥታ ጨዉ ውስጥ ነው የከተታችሁኝ።» ልጄ ገባው። አልሳቀም። ወንበሩን ከአባቱ እጅ ወስዶ እሱ መግፋት ጀመረ፤ እስክንመለስም ለማንም አልለቀቀም።

ስለ ቦታው ስም የጠየቀችው እሷው ናት። መጠለያው የሚጠራው በቢሊ ፍራንክ ጁኒየር ነው። ከኒስኳሊ ሕዝብ ነው፤ የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1854 እነዚህ ሕዝቦች አብዛኛውን መሬታቸውን ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቁ በልማድ ሲያጠምዱበት በኖሩት ቦታ ዓሣ የማጥመድ መብታቸው እንዲጠበቅ ተፈራርመው ነበር። ስምምነቱ የተፈረመው እዚያው ኒስኳሊ አጠገብ ነው። በኋላ ግን ልጆቻቸው በዚያው ወንዝ መረብ ሲጥሉ ይታሠሩ ጀመር። ቢሊ ፍራንክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዝ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ በዕድሜው ከሃምሳ ጊዜ በላይ ታሥሯል። በ1974 አንድ የፌዴራል ዳኛ ስምምነቱ የጸና መሆኑንና ነባሮቹ ከዓሣው እስከ ግማሹ ድርሻ እንዳላቸው ፈረደ። ቢሊ ፍራንክ በ2014 አረፈ፤ በማግሥቱ ዓመት መጠለያው በስሙ ተሰየመ። «ሃምሳ ጊዜ? በገዛ ወንዙ?» አለች እናቴ። ቀጥላም «ሚስቱ እንዴት ቻለችው?» ብላ ጠየቀች። ይህን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

እንጨቱ ድልድይ ላይ ጥቂት ገብተን ነው የቆምነው። ውኃው እየገባ ነበር። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽ ብነግራትም፣ እሷ ግን አንድ ጭቃ ላይ የቆመ ግንድ መርጣ በዓይኗ ያዘችው። ስንደርስ ጭቃው ይታይ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ውኃ ከበበው፤ ሻይ ጠጥተን ስንጨርስ ግንዱ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። ማን እንደሚገፋው ጠየቀች። ባለቤቴ ጨረቃ ናት አላት። ለልጆቹ እየተናገረ መስሏት ችላ አለችው።

ሻዩን የጠጣነው ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ጾም ነበር፤ እሷ ካልጀመረች እኛም አንጀምርም። የዝንጅብል ሻይ፣ ቆሎ፣ የጾም ዳቦ። ከዝናብ የሚከልል የወፍ መመልከቻ ውስጥ ተጠግተን ቆመን፣ ሕፃኑ ካፖርቴ ውስጥ ደረቴ ላይ ተኝቶ። ራሱ ነጭ የሆነ ትልቅ ንስር ማዶ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። በዚህ ወቅት የሚመጣውን ሳልመን ለመብላት ወደ ወንዙ ይሰበሰባሉ፤ በእኛም ሐይቆች ዳር እየጮኸ ዓሣ የሚያድነው ነጭ ራስ ንስር ዘመዳቸው ነው። «እሱስ አይጾምም» አለች ትንሿ ልጄ፣ በአማርኛ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ነገር ተነሥቶ ባለቤቴና እናቴ እስከ መኪናው ድረስ ተከራከሩ። የዚያን ቀን ካየሁት ሁሉ ደስ ያሰኘኝ እሱ ነው፤ እናቴ ከመጣች ጀምሮ ከማንም ጋር አልተከራከረችም ነበር።

መኪናው ጋ ስንደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልሆነም። በጠቅላላው ሦስት ኪሎ ሜትር ብንሄድ ነው። እስከ መጨረሻው አልዘለቅንም፤ ለመዝለቅም አልሞከርንም። ልጆች ሲደክሙና አያት ሲበርዳት ሳይሆን ገና ሳይደክሙና ሳይበርዳት መመለስ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛ ቀን «ልሂድ» የሚሉት ያኔ ነው። ርጥቡን ለውጠን፣ ማሞቂያውን ከፍተን፣ እሷ ከልጆቹ በፊት እንቅልፍ ወሰዳት።

ይህን የምታነቡት አዲስ አበባ ሆናችሁ ከሆነ የእናንተ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ይዘጋል፣ ልጆች ቤት ይቀመጣሉ፣ አያቶችም አብረው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም፣ የጉለሌ እፅዋት ማዕከልም ያን ጊዜ አረንጓዴ ናቸው። ወንበር ወይም ከዘራ የያዘ ሰው ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ ስልክ ደውላችሁ የትኛው መንገድ ንጣፍ እንዳለው፣ መኪና እስከ የት እንደሚገባ ጠይቁ። እንጦጦ ከፍታው 3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ልብ ወይም ትንፋሽ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። የእኛ ክረምት ደግሞ ከዚህኛው የሚለየው መብረቅ አለው። ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲያጉረመርም ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ወደ መኪናችሁ ተመለሱ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ለጥምቀት አልሄደችም። እስከ መጋቢትም አልቆየችም፤ ሁዳዴን አገሬ ልያዝ ብላ በየካቲት ሄደች። ይህንንም ተደራድረን ነው፤ እሷ አንድ ወር፣ እኔ አንድ ወር። እስከዚያ አራት ጊዜ ኒስኳሊ ተመለስን፣ አራቱንም በዝናብ። በሦስተኛው ጊዜ ዕቃ መጫኛ የሚል ጨዋታ ቀርቶ «ወንበሬን አምጡ» ማለት ጀምራ ነበር። ደረጃውን ሳታርፍ ወጣች ብዬ አልዋሽም፤ አንድ ጊዜ ታርፋለች።

ሳልመን ሲመለስ አይታ ሳትሄድ ቀረች የሚል ቅሬታ ልጄ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። መጀመሪያ ሕፃኑን አሳዩኝ ትላለች፣ ቀጥላ እኔን ጤና ትጠይቃለች፣ ከዚያ ስልኩን ለትልቁ ልጄ እንድሰጠው ታዛለች። እሱ የባሕሩን ሰዓት አስቀድሞ አይቶ ይጠብቃታል። «ዛሬስ?» ትለዋለች። «እየገባ ነው እማማ» ይላታል፤ «ግንዱ እስከ አንገቱ።»